ሳይጠሩት የመጣ ማጠቃለያ

አሁን ፀዳ በምትባለው ትንሽ ከተማ፣ ቤቴ ደጃፍ ተቀምጬ ልጆቼ የገዙልኝን ታብሌት ስከፍት መጀመሪያ የሚያነጋግረኝ መጽሐፉ አይደለም። «ላሳጥርልህ?» የሚል ነገር ብቅ ይላል። ሴት መሆኔን እንኳ አልጠየቀም። አይ፣ አታሳጥርልኝ ብዬ አባርረዋለሁ። ጥቂት ገጽ እንደገፋሁ ተመልሶ ይመጣና ደግሞ «ስለዚህ መጽሐፍ ጠይቀኝ» ይለኛል። ጡረተኛ ነኝ፤ የሚያጣድፈኝ የለም፤ ቀኑ የራሴ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ መጽሐፍ ሳዘጋጅ የኖርሁ ሴት ረጅሙን መጽሐፍ በረጅሙ ላንብበው ብል ማንን ምን ቸገረው? ልጆቼ «እማዬ፣ ዝም ብለሽ እለፊው» ይሉኛል። ዝም ብዬ ማለፍ ግን አልሆነልኝም። ያን ነገር ባየሁት ቁጥር አንድ በሬና አንድ ሽማግሌ ትዝ ይሉኛል።

ሥራ የጀመርሁት እዚሁ ቅርብ ካለው ትልቁ ከተማ፣ ፒያሳ፣ ከባንኩ ጀርባ በነበረ ማተሚያ ቤት ነው። የተቀጠርሁት በፊደል ለቃሚነት ነበር። ከብረት የተቀረጸው ፊደል በየሣጥኑ ተከፋፍሎ ይቀመጣል፤ እኛ ጽሑፉን ፊት ለፊታችን ሰቅለን አንድ በአንድ እየለቀምን መስመር እንሠራለን፤ ያውም ተገልብጦ፣ በመስታወት ውስጥ እንደሚታየው። የእኛ ፊደል ብዛቱ የታወቀ ነው። ከነዘሩ የት የት እንደተቀመጠ ጣቴ እስኪለምደው ድረስ ስንት ጊዜ ተደብቄ አለቀስሁ። ከለመደው በኋላ ግን ከጎኔ ካለችው ልጅ ጋር እየተሳሳቅሁ እለቅም ነበር። ጥፍሬ ሥር የገባው ጥቁረት በሳሙና ብፈትገው አይለቅም፤ እናቴ «የመካኒክ እጅ ይዘሽ ማን ያገባሻል?» ትለኝ ነበር። አገባኝ፤ ያገባኝም የዚያው ማተሚያ ቤት ወረቀት ቆራጭ ነው። የሠርግ ጥሪ፣ የደረሰኝ ጥራዝ፣ የሙት ዓመት መታሰቢያ፣ አልፎ አልፎም መጽሐፍ እናትም ነበር። ደሞዙ ለቤት ኪራይና ለልጆች ጫማ ይበቃል፤ ስለ ደሞዙ ይህን ካልሁ ይበቃኛል።

ሙያ ያስያዘኝ ጋሽ ይርዳው ነው። የእርማት ክፍል ኃላፊ ነበር፤ ክፍል ማለት እንግዲህ እሱ ራሱ፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ በበጋም ኮቱን የማያወልቅ ሰው ነበር። ከመለቀሚያው አንሥቶ እሱ ጋ ያስቀመጠኝ ዓይንሽ ስሕተት አያልፍም ብሎ ነው። ቀይ እስክሪብቶ አይነካም። «የሰው ጽሑፍ ላይ ደም አላፈስም» ይልና የእንጨት እርሳሱን በምላጭ ቀርጾ፣ ከዳር በኩል፣ ለማየት ዓይን በሚያስቸግር ስስ ምልክት ያርማል። የደራሲ ወረቀት ከመንካቱ በፊት እጁን ይታጠባል፤ ከነካ በኋላም ይታጠባል። መጀመሪያ መጀመሪያ ቀበጥ ነው እያልሁ እስቅበት ነበር።

እርማት ለሁለት ሰው ነው። አንዱ የደራሲውን የእጅ ጽሑፍ ይዞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ሌላው የታተመውን በማስመሪያ እየተከተለ ያያል። አንባቢው ነጥቡንም ሁሉ ይጠራል፤ «ዝናሙ አባራ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ሰዎቹም ወጡ፣ አራት ነጥብ» እያለ። ከውጭ የሚሰማን ሰው ያበድን ይመስለዋል። ቀስ እያለ ግን የጋሽ ይርዳው ድምፅና የእኔ ጣት አንድ ላይ መሄድ ጀመሩ። እሱ ሳያነብ እስትንፋሱን ከሳበ አንድ የሚያስቸግር ነገር እንደመጣ አውቃለሁ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ስታርፍ፣ የማተሚያው ድምፅ ከወዲያኛው ክፍል ሲመታ፣ እሱ እያነበበ እኔ ስከተል፣ በዓለም ላይ ከዚያ የተሻለ መቀመጫ ያለ አይመስለኝም ነበር። ዛሬም አይመስለኝም።

አንድ ጊዜ የአንድ ጡረተኛ መምህር መጽሐፍ ስናርም ጋሽ ይርዳው አንዲት ቃል ላይ ቆመ። ለእኔ የታወቀ ስሕተት ነው፤ አስተካክለን እንለፍ አልሁት። ማስመሪያዬን ከእጄ ወስዶ አስቀመጠ፤ ወረቀቱን ቦርሳው ውስጥ ከተተና «ተነሽ፣ ባለቤቱን እንጠይቅ» አለኝ። ባለቤቱ የሚኖረው እዚሁ ፀዳ፣ ያኔ እርሻ በነበረበት ዳር ነው። ባጃጅ የሚባል ነገር አልመጣም። እስከ አዘዞ ማኪና አገኘን፤ ከዚያ ወዲህ በእግራችን ነው። መምህሩ በራቸው ላይ ሲያዩን የሞት መርዶ የመጣባቸው መስሏቸው ደነገጡ። ጋሽ ይርዳው ቃሏን አሳያቸው። ሳቁና «እናቴ እንዲያ ነበር የምትለው፤ እንዳለች ትሁን» አሉ። አንዲት ጠላ ጠጥተን ተመለስን።

መንገድ ላይ እግሬን እያመመኝ «ጋሼ፣ ለአንዲት ቃል?» አልሁት።

«ቃሏ የእኔ ብትሆን ኖሮ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ እወስን ነበር» አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም።

ኮምፒውተር ሲመጣ ማተሚያ ቤቱ ጥቂት ተንገዳገደና ተዘጋ። ጋሽ ይርዳውም ብዙ አልቆየ፤ ሥራው እንደቀረ እሱም ቀረ። እኔ ከተማው ውስጥ ባለ ቤተ መጻሕፍት ዲጂታል ክፍል ተቀጠርሁ። ክፍሉ ሲከፈት እዚያ የነበረው ሰሎሞን ብቻ ነው፤ የጭልጋ ሰው፣ ኮምፒውተር የሚወድ፣ ወረቀት የሚጠላ። አለቃችን ከሁሉም በላይ ሪፖርት የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ሪፖርቱን ከሰጠናቸው በሥራችን ገብተው አያውቁም፤ ስለዚህ እመርቃቸዋለሁ። ሥራችን የተረሱ መጻሕፍትን በኮምፒውተር አስገብቶ፣ አርሞ፣ በታብሌት እንዲነበቡ አድርጎ በየወረዳው ላሉ ንባብ ቤቶች መላክ ነው። ኔትወርክ ቢጠፋ እንኳ መጽሐፉ አይጠፋም፤ አንዴ ከተጫነ እዚያው ነው።

ይህን የምንሠራበት ሶፍትዌር የማይሸጥ፣ አሠራሩ ለማንም የተከፈተ፣ በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች በትርፍ ጊዜያቸው የሚያበጁት ነው። ሰሎሞን ይህን ሲነግረኝ አላመንሁትም፤ ነጻ ነገር ውስጡ አንድ መዘዝ አያጣም ብዬ። ግን ስንጀምር አንድ ችግር ነበረብን። አራት ነጥባችን መስመሩ ሲያልቅ ብቻውን ወደሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ይወርዳል። ጋሽ ይርዳው ቢያየው ይታመም ነበር። ሰሎሞን ለሰዎቹ ጻፈላቸው። አንድ ፊደላችንን ማንበብ የማይችል ሰው ከወዲያኛው የዓለም ጫፍ መለሰልን፤ «አንባቢዎቻችሁ ምን ዓይነት ነው የለመዱት? የታተመ ገጽ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ» አለን። ላክንለት። ጠየቀ፣ ደግሞ ጠየቀ፣ ከዚያ አስተካከለው። ፊቱን አይቼው አላውቅም፤ ግን ኮቱን ለብሶ ፀዳ ድረስ የሚሄድ ዓይነት ሰው ነው። ያን ጊዜ ያን ሶፍትዌር ወደድሁት። እንደ ሰው ነው የወደድሁት፤ አፈርሁ እንጂ ለሰሎሞን አልነገርሁትም።

ሰሎሞንን ሁለት ሆኖ ማረምን አስተማርሁት። «እትዬ ትርንጎ፣ ይህን ኮምፒውተሩ ያወዳድረው የለም እንዴ?» እያለ አጉረመረመ፤ ግን አነበበ። ፋይሉን በወረቀት አትመን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብበን፣ ከጨረስን በኋላ ነው ወደ ታብሌት የሚገባው።

ከአያ ዋኘው ጋር ያገናኘኝ ሰሎሞን ነው። የእናቱ አጎት ናቸው፤ ከአይከል ወጣ ብሎ ያለ ገጠር ነዋሪ፣ በከብት መድኃኒት እስከ ደምቢያ ድረስ የታወቁ ሽማግሌ። ከብት የታመመበት ሁሉ እሳቸው ደጅ ይመጣል፤ እሳቸውም የኮላ ድባ ገበያ ሲውል እህል ተራው አጠገብ ተቀምጠው ሰው ያነጋግራሉ። ኩሩ ናቸው፤ ቁጡም ናቸው፤ ስማቸው ሲነሣ መስማት ይወዳሉ። ቤተ መጻሕፍቱ የደጋውን አዋቂዎች ዕውቀት በመጽሐፍ ላስቀምጥ ሲል አለቃችን የመጀመሪያው እሳቸው ይሁኑ አሉ፤ ወደ ጭልጋ ተላክሁ።

ወራት ፈጀብን። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እቀዳለሁ፣ ከተማ ተመልሼ እጽፋለሁ፣ ደግሞ ሄጄ አነብላቸዋለሁ። የቅጠሎቹን ስም መጀመሪያ በቅማንትኛ ነው የሚጠሩት፤ ከዚያ በአማርኛ። ሁለቱንም ጻፍሁ። ሳነብላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፤ አንድ ነገር ካልጣማቸው ዱላቸውን መሬት ይመቱታል። አንድ ቀን «ምነው ልጄ፣ እንዲህ አልሁ እንዴ? ‹ጥቂት› አልሁ እንጂ!» ብለው ቆጥተውኝ አስተካከልሁ። ከዚያ ቀስ ብለው ነገሩኝ።

«እኔ ዳዊት አልደገምሁም፤ ፊደል አላውቅም። ያለኝ አንድ አፌ ነው። ያልሁትን እንዳልሁት አስቀምጪልኝ። ሌላ አልፈልግብሽም።»

እንዲያ ይሁን አልኋቸው። መጽሐፉ ስለ በሬና ላም ነው። ስለ በቅሎ፣ ስለ ፈረስና ስለ አህያ ያለውን ለሁለተኛው እናቆየው ተባባልን። ከሰሎሞን ጋር ሆነን አረምነው፤ እሱ አነበበ እኔ ተከተልሁ። አንዲት ነጥብ አላመለጠችንም፤ ይህን ዛሬም አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ጋሽ ይርዳው ቢያየው እጁን ታጥቦ ይቀበለኝ ነበር።

በዚያ ሰሞን ሶፍትዌሩ አፕዴት አደረገ። ካሁን ቀደም ያልነበረ፣ ማንም ያልጠየቀው አንድ ነገር ይዞ መጣ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሉታል። መጽሐፉን ራሱ አንብቦ ከፊቱ «በአጭሩ» የሚል ገጽ ይጨምራል። ሰሎሞን አጠፋው። የሚቀጥለው አፕዴት ሲመጣ እንደገና ራሱን አብርቶ ነበር፤ ያን አላወቅንም። እኛ ያረምነው በወረቀት ያተምነውን ነው። የማሽኑ ገጽ የተጨመረው ከእኛ በኋላ፣ ፋይሉ ወደ ታብሌት ሲለወጥ ነው። እንደ ድሮው ሥራችንን ጨርሰን፣ ተጨባብጠን፣ ላክነው። ሰው ግን ታብሌቱን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያገኘው እኛ ያላየነውን ገጽ ነው።

ኮላ ድባ ንባብ ቤት የምትሠራው ልጅ ደወለች። «እትዬ፣ የአያ ዋኘው መጽሐፍ በሬ ገደለ እየተባለ ነው» አለችኝ። ሰሎሞንን ይዤ ወረድሁ።

በሬው የደሳለኝ ነው። ደሳለኝ ጎልማሳ ገበሬ ነው፤ ማንበብ የተማረው ልጆች ከወለደ በኋላ ነው፤ ንባብ ቤቱም ከተከፈተ ጀምሮ ገበያ በመጣ ቁጥር ጎራ ሳይል አይመለስም። በሬው ረግረጉ ላይ ውሃ ሲጠጣ አልቅት በአፍንጫው ገብቶበት ደም ያንጠባጥባል። ደሳለኝ አያ ዋኘው ዘንድ መሄድ መንገዱ ሩቅ ነው፣ መጽሐፋቸው ደግሞ እዚህ አለ ብሎ ታብሌቱን ከፈተ። አያ ዋኘው በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት እንዲህ ነው። ትንባሆ በውሃ ይዘፈዘፋል፤ የበሬው አንገት ወደ ታች ተይዞ ከዚያ ውሃ ጥቂት ጠብታ አፍንጫው ውስጥ ይደረጋል፤ ወዲያው ተመልሶ እንዲፈስ ይደረጋል፤ አንዲት ጉንጭ እንኳ እንዳይውጥ። የማሽኑ ገጽ ደግሞ በአንድ መስመር «አልቅት የያዘውን ከብት ትንባሆ የተዘፈዘፈበትን ውሃ ማጠጣት» ይላል። ደሳለኝ አጠጣው።

ታብሌቱን ተቀብዬ ያችን መስመር አነበብሁ። ከላይዋ የአያ ዋኘው ስም በትልቁ ተጽፏል። ደግሜ አነበብኋት። ሰሎሞን በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ አየና ወደ ውጭ ወጣ። በሥራ ዘመኔ ስሕተት አላየሁም ማለቴ አይደለም፤ የሙሽራ ስም አዛብተን አትመን ሠርግ ቤት ድረስ ሄደን ተለማምጠናል። ያ ሁሉ ግን የሰው ስሕተት ነበር፤ ማን እንደሠራው ይታወቃል፤ ባለቤቱ ተጠርቶ ይቆጣል፣ ይስቃል፣ ያልፋል። ይቺ መስመር ከማንም እጅ አልወጣችም። ሰው ሁሉ ግን የሚያውቀው ከአንድ አፍ እንደወጣች ነው።

አያ ዋኘው ዘንድ ስደርስ ነገሩ ቀድሞኝ ደርሷል። ደጃቸው ባዶ ነው። ሌላ ጊዜ ሁለት ሦስት ከብት ታስሮ የሚቆይበት አጥር ሥር ዶሮ ትጭራለች። ተቀመጪ አላሉኝም።

«ልጄ፣ ያላልሁትን አፌ ላይ ማን አኖረው?» አሉኝ።

«አያ፣ ማሽኑ ነው። መጽሐፉን ያሳጠረ መስሎት...»

«አሳጥር ያለው ማነው?»

«ማንም አላለውም።»

«ባለቤት የለውም?»

«ብዙ ናቸው። በየአገሩ ያሉ ሰዎች ናቸው። ክፉ ሰዎች አይደሉም።»

ዱላቸውን ወደ አጥሩ ማዶ ቀሰሩ። «ትናንት አንዱ ጊደሩን ይዞ እስከዚያች ድንጋይ ድረስ መጣ። አየኝና ተመለሰ። አባቱን የማውቀው ልጅ ነው። ከብቱ አይደለም ያመመኝ፤ ዓይኑን ከዓይኔ ማሸሹ ነው ያመመኝ» አሉ።

አለቀስሁ። አላባበሉኝም።

ሰሎሞን ለሶፍትዌሩ ሰዎች ጻፈ። አንዱ «ማጥፊያው አለላችሁ» ብሎ መለሰ። ራሱን ያበራል አልነው። ሌላው አዘነልን፤ ሦስተኛው ነገሩ ለብዙ አንባቢ ይጠቅማል አለ። እርስ በርሳቸው ረጅም ክርክር ገጠሙ። ብዙዎቹ እንደኛው ያልፈለጉት ኖረዋል፤ ማን ጠየቃችሁ እያሉ ይጽፋሉ። ያ የአራት ነጥባችን ሰውዬ ግን በመካከላቸው አልነበረም። ደክሞት ትቶት ሄዷል አሉን። ይህን ስሰማ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ጋሽ ይርዳውን ሁለተኛ የቀበርሁት መሰለኝ።

በዚህ መካከል ደሳለኝና አያ ዋኘው ሊካሰሱ ደረሱ። ደሳለኝ በሬዬን በቃላቸው ገደሉት ይላል፤ እሳቸው ስሜን ገበያ ላይ አጠፋው ይላሉ። የኮላ ድባ ሽማግሌዎች ነገሩን ያዙት። ከእህል ተራው ጀርባ፣ ጥላ ያለበት ግንብ ሥር ተቀመጥን። ሰብሳቢው አያ ፈንታ የሚባሉ፣ በነገር የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ሁለቱንም አናገሩ። ከዚያ እኔ መጽሐፉን ከፍቼ የአልቅቱን ገጽ፣ አያ ዋኘው ያሉትን፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁ። ከዚያ የማሽኑን መስመር አነበብሁ።

ደሳለኝ አንገቱን ደፋ። «እኔ ምን ላድርግ?» አለ። «መጽሐፍ ነው ብዬ ነው። ማንበብ የጀመርሁት በስንት መከራ ነው፤ ፊተኛው ገጽ የእሳቸው ያልሆነ መጽሐፍ እንዳለ ማን ነገረኝ?»

አያ ፈንታ ወደ ሰሎሞን ዞሩ። «እንግዲህ በዳዩ እነዚህ ሁለቱ አይደሉም። ማሽኑን የሠራው ይምጣ።»

«ሩቅ ናቸው፣ አያ።»

«ሰው ይላክባቸው።»

«አይመጡም። አንድ ሰውም አይደሉም።»

«ያዘዛቸውስ?»

«ያዘዛቸው የለም። በነጻ ነው የሚሠሩት።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አያ ፈንታ ጢማቸውን ዳበሱና «ታዲያ ምን እናድርግ? ይቅርታ የሚጠይቅ ሳይኖር ይቅር በሉ ብለን እናስታርቅ? እንዲህ ያለ ዕርቅ አይተን አናውቅም» አሉ። ሊነሡ ነው። ከተነሡ ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ አያ ዋኘውም የኮላ ድባን ገበያ ዳግም አይረግጡም።

እኔ ተነሣሁ። ግንቡ ሥር ድንጋይ አለ፤ መካከለኛውን መርጬ አነሣሁና ማጅራቴ ላይ አደረግሁት። እንዲህ ይቅርታ የሚጠይቀው ነፍስ ያጠፋ፣ ደም የገባበት ሰው ነው፤ ስለ ታብሌት የተሸከመ የለም፤ ሴትም ስትሸከም አላየሁም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ኧረ ተይ፣ አንቺ ምን አደረግሽ?» አሉኝ። ያደረግሁት የለም አልኋቸው። በዳዩ መምጣት ስለማይችል ስለ እሱ ቆሜያለሁ፤ መጽሐፉ ከእኔ ጠረጴዛ ነው የወጣው። ጎንበስ ብዬ መጀመሪያ ደሳለኝ ፊት ቆምሁ። ቶሎ ብሎ እግሬን ሊይዝ ወደቀ፤ ይቅር አለ። ወደ አያ ዋኘው ዞርሁ። ድንጋዩ ይከብዳል፤ ጉልበቴም የድሮ ጉልበት አይደለም፤ አንገቴን ደፍቼ የማየው የእሳቸውን የጎማ ጫማ ብቻ ነው። ምን ያህል እንደቆምሁ አላውቅም። ዱላቸው ሲወድቅ ሰማሁ። በሁለት እጃቸው ድንጋዩን ከላዬ አወረዱት።

«ይቅር ለእግዜር» አሉ።

ደሳለኝ አንድ በቀረው በሬ ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ አረሰ። አያ ዋኘው ደጅ ከብት ይታሰር ጀመር። ከሶፍትዌሩ በጎ ፈቃደኞች መካከል አንዲት ሴት ያን ነገር ከሥሩ ነቅላ አውጥታ ሌላ ቅጂ አዘጋጀች፤ አሠራሩ ለሁሉም የተከፈተ ስለሆነ ማንም አልከለከላትም። ቤተ መጻሕፍቱ ዛሬ የሚሠራው በእሷ ቅጂ ነው፤ የንባብ ቤቶቹ ታብሌቶች ሰው ሳያዛቸው አይናገሩም። ሰሎሞን አሁን መጽሐፉን በወረቀትም በታብሌትም ያርማል።

ሁለተኛውን መጽሐፍ እንጀምር ብዬ ጭልጋ ስሄድ አያ ዋኘው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይቅር ብያለሁ፤ ቂም የለኝም። ቃሌን ግን ከእንግዲህ በወረቀትም በዚያ መስታወታችሁም አላስገባም» አሉኝ። ለመንኋቸው። ሰሎሞንም ለመናቸው። ወዲያው ጡረታዬ ደረሰ፤ ኬክ ተቆረሰ፣ ጋቢ አለበሱኝ፣ አለቃችን ንግግር አደረጉ፣ ቁልፌን አስረከብሁ።

ቤት መዋል አቃተኝ። ሥራ የለኝም፣ የምልከው ሪፖርት የለም፣ ግን እንደ ድሮዬ ጭልጋ ሄድሁ። አያ ዋኘው ስቀው «ዛሬስ ምን ልትቀጂ መጣሽ?» አሉኝ። ምንም አልኋቸው፤ ናፍቀውኝ ነው። እውነቴን ነበር። ያን ቀን አስማሉኝ። እኔ ጻፊ እስክልሽ ድረስ እንዳትጽፊው፣ ለሰውም እንዳታስጽፊው አሉኝ። ማልሁ። ከዚያ ስለ በቅሎ መናገር ጀመሩ። እኔ በተመላለስሁ ቁጥር እሳቸው ይጨምራሉ። የበቅሎ ቁርጠት፣ የፈረስ ሳል፣ በጭነት የተላጠ የአህያ ጀርባ፣ ቅጠሉና መጠኑ፣ ተጠንቀቂ የሚሉት ሁሉ አሁን ጭንቅላቴ ውስጥ አለ። ሁለተኛው መጽሐፍ አልቋል። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው መጽሐፍ ሳወጣ ኖሬ ካየሁት ሁሉ የበለጠው ይህ ነው፤ ማውጣት ግን አልችልም። እጄ ይበላኛል። ገጹ ምን እንደሚመስል፣ የቅማንትኛው ስም የት እንደሚገባ ሁሉ አስቤ ጨርሻለሁ።

በቀደም ሄጄ አንድ ጊዜ ደግሞ ጠየቅኋቸው። ከስተዋል፤ ከመደቡ ላይ ለመነሣት የሰው እጅ ይፈልጋሉ።

«አያ፣ ልጻፈው?»

«ያ ማሽን አሁንም አለ?»

«ቤተ መጻሕፍቱ ዘንድ የለም።»

«ሌላ ዘንድስ?»

መዋሸት እችል ነበር። «ሌላ ዘንድ አለ፤ እየበዛም ነው» አልኋቸው።

«እንግዲያስ ቆይ። እስኪጠፋ ጠብቂ።»

«ባይጠፋስ?»

«ያን ጊዜ ትጠይቂኛለሽ» አሉኝ፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

አሁን በየጠዋቱ እንዳልረሳው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሌ እለዋለሁ። ስልኬ ከጭልጋ በኩል በጮኸ ቁጥር ልቤ ይወርዳል፤ እሳቸው ከሄዱ ልጻፈው ወይ ብዬ የምጠይቀው ሰው የለኝም።